ደም፣ ወዝ እና እማኝ

ሰኞ ገበያ ስሙን ከቀኑ የወሰደ የደሴ ሰፈር ነው። ገበያው በደራበት ዕለት ወደዚያ ብቅ ያለ ሰው፣ ዋጋ የሚባለው ነገር ከሁለት ሰዎች አፍ ተወልዶ በብዙ ሰዎች ጆሮ ሲያድግ ይመለከታል። ሻጭ ይጠራል፤ ገዢ «ኧረ በፈጣሪ!» ይላል። አንዱ «ቀንስ» ሲል ሌላው «አያዋጣኝም» ይላል። ገዢ ፊቱን አዙሮ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል፤ ሻጭ መልሶ ይጠራዋል። ደላላ በመካከል ገብቶ የሁለቱንም እጅ ይይዛል። በአጠገብ የቆመው መንገደኛ ሳይቀር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይኼማ ደኅና ዋጋ ነው፤ ስጠው እንጂ» ብሎ ፍርዱን ጣል ያደርጋል። ከብዙ ክርክር በኋላ የተቆረጠው ዋጋ የሁለቱ ብቻ አይደለም፤ የሰሙት ሁሉ ጠባቂዎቹ ናቸው። ነገ አንዱ ቢክድ፣ «አንተ ሰው፣ በዚህ አልተስማማህም ወይ?» የሚለው አይጠፋም።

የዚህች ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። የሚሸጠው በግ ወይም ጤፍ ሳይሆን የሰው አብሮነት ሲሆንስ? አንድ ሰው ጊዜውን፣ ገላውን፣ ፈገግታውን ለሌላው በክፍያ ሲሰጥ፣ ዋጋው የሚቆረጠው በማን ፊት ነው? የሚከራከሩትስ እነማን ናቸው? ውሉ ሲፈርስ «ሰምቼ ነበር» የሚል ማን ይገኛል?

ጥያቄውን ነውር የሚለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ አንድ ነገር ላስታውሰው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ታሪክም እንደዚያ አዳራሽ ካልሆነ፣ የሚወደውን ብቻ አስገብቶ የሚጸየፈውን ከደጅ ከመለሰ፣ የባለሟሎች ወሬ ሆኖ ይቀራል።

* * *

በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝና፣ ወር በተፈጸመ ቁጥር ከሁሉ አብዝቼ የምሰማው ቃል «ደመወዝ» ነው። ቃሉን የሚፈቱ ሰዎች ከሁለት ቃላት ያመጡታል፤ ከደምና ከወዝ። ሠራተኛው የሚቀበለው ያፈሰሰውን ደምና ያንጠፈጠፈውን ወዝ ነው ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ የመሥሪያ ቤት ቃል ሆኗል፤ መዝገብ፣ ፊርማና የግብር ተቀናሽ ያጅቡታል። በቀድሞው ዘመን ግን ከአንድ የጋብቻ ዓይነት ጋርም ይጠራ ነበር። የደመወዝ ጋብቻ ይባላል፤ በአጭሩ «ደሞዝ»።

ያገራችን ጋብቻ መልኩ ብዙ ነበር። ቁርባን ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያን የምታስረው፣ የማይፈታው። ሰማንያ ነበረ፤ በውልና በዋስ የሚጸና፣ ባልና ሚስት በንብረት የሚተካከሉበት። ሦስተኛው ደሞዝ ነው። ነጋዴ ከሲራራው ጋር ከአገሩ ርቆ ሲከርም፣ ወታደር በዘመቻ ሰፈር ሲቆይ፣ ሹም ለአንድ ጉዳይ ተልኮ በማያውቀው ከተማ ሲቀመጥ፣ ቤት የምትይዝለት፣ ምግብ የምታሰናዳለትና አልጋውን የምትጋራው ሴት በተወሰነ ክፍያ ያገባ ነበር።

ድርድሩ የሚዞረው በሦስት ነገሮች ላይ ነው። ለምን ያህል ጊዜ? በስንት? በምን ዓይነት? ጊዜው ወራት ሊሆን ይችላል፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ክፍያው በጠገራ ብር ወይም በእህል፣ ልብስም ተጨምሮበት ይቆረጥ ነበር። ሴቲቱ ራሷ ወይም ዘመዶቿ ይከራከራሉ፤ ሰውየውም ይከራከራል። ሲስማሙ እማኝ ይጠራል። ጊዜው ሲያልቅ ሁለቱ በሰላም ይለያያሉ፤ ከፈለጉም ውሉን ያድሳሉ። ሰውየው ክፍያውን ቢያስቀር፣ ሴቲቱ የሰማውን ሰው ይዛ ዳኛ ፊት ለመቆም አታፍርም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፤ ከዚህ ጋብቻ የተወለደ ልጅ አባት አለው። በልማዱ መሠረት አባቱን ጠርቶ ውርስ ሊጠይቅ ይችላል።

ሥርዓቱን ለማሞገስ አልተነሣሁም። የደሞዝ ሚስት ከክፍያዋ በቀር በባሏ ሀብት ላይ ድርሻ አልነበራትም። ወደዚህ ውል የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መንገድ የጠበባት ሴት ነበረች። ቤተ ክርስቲያንም እንደ ጋብቻ አልቆጠረችውም። ሆኖም አንድ ነገር አለው፤ አይደበቅም። ዋጋው እንደ ሰኞ ገበያ ዋጋ በሰው ጆሮ ውስጥ ያልፋል።

ወሎ የሁለት ሃይማኖት አገር ነውና ከእስልምናውም ወገን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሺዓ ሕግ «ሙትዓ» የሚባል ጊዜያዊ ጋብቻ አለ፤ ያለ ሁለት ነገሮች አይጸናም። ጊዜው መቆረጥ አለበት፤ ለሴቲቱ የሚሰጠው መህርም መቆረጥ አለበት። የተወለደውም ልጅ የአባቱ ነው። ሱኒዎች ግን፣ የወሎን ሙስሊሞች ጨምሮ፣ ይህን ጋብቻ ሐራም ይሉታል። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር ፍርድ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ያስገረመኝ የሁለቱ ልማዶች መመሳሰል ነው። እጅግ የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች የሰው አብሮነት በዋጋ ሲሰጥ ከውርደት የሚያድነው ምን እንደሆነ አስበው፣ ወደ አንድ ዓይነት መልስ ደርሰዋል፤ ጊዜው ይታወቅ፣ ዋጋው ይነገር፣ ልጁ አባት ይኑረው።

* * *

ጣልያኖች ኤርትራን በያዙ ጊዜ ይህን ልማድ አገኙት። አልቤርቶ ፖሌራ የተባለው የቅኝ ግዛት ሹም እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ ኢትዮጵያ ሴት ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ደሞዝ ጽፏል። ሥርዓት ያለው ጋብቻ መሆኑንና ልጆቹም መብት እንዳላቸው ያውቅ ነበር። ብዙዎቹ ያገሩ ሰዎች ግን ከውሉ ውስጥ ለራሳቸው የሚስማማውን ቆርጠው ወሰዱ። ክፍያ የሚለውን ወሰዱ፤ ልጅ የሚለውን ተዉት። አገልግሎት የሚለውን ወሰዱ፤ እማኝ የሚለውን ተዉት። በዚህ መንገድ «ማዳማቶ» የተባለው ኑሮ ተፈጠረ። ጣልያናዊው መኮንን ወይም ሠራተኛ አንዲት ሐበሻ «ማዳማ» ቤቱ ያስቀምጣል፤ ወደ አገሩ ሲጠራ ግን ብዙ ጊዜ እርሷንም ልጆቿንም ጥሎ ይሄዳል። ሴቲቱ ወገኖቿን ይዛ በልማዱ ብትከራከር፣ የሚሰማት ዳኛ የሰውየው ወገን ነው።

ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ወደቀች፤ እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ቆየች። ከተማዋ በተያዘች በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1937)፣ ከሮም አንድ አዋጅ ወጣ። ከቅኝ ግዛት ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል አለ።

የዚህን አዋጅ አሠራር ልብ ይሏል። ወንዱ ሴቲቱ ዘንድ ሄዶ፣ ከፍሎ፣ ወዲያው ቢመለስ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ አብሮ መኖር ነው፤ አብሮ መብላት ነው፤ መዋደድ ነው። ዳኞቹ ማስረጃ የሚፈልጉት ከፍቅር ምልክት ውስጥ ነበር። ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበርን? ስትታመም አስታሟታልን? ሊያገባት ተመኝቷልን? እንግዲህ በዚያ ሕግ ፊት ዋጋ ንጹሕ ሆነ፤ ፍቅር ወንጀለኛ ሆነ። በደሞዝ ልማድ ዋጋው የአብሮነቱ አጥር ነበር፤ አብሮነቱን ይወስነዋል፣ ይጠብቀዋልም። በአዋጁ ግን ዋጋው አብሮነቱን የሚከለክል ግንብ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ፖሌራ ራሱ ከሁለት ኤርትራውያን ሴቶች ስድስት ልጆች ወልዷል። ከመሞቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1939 አብራው የኖረችውን ሴት በሃይማኖት ሥርዓት አገባ፤ ስለ ክልሶቹ ልጆችም ለሙሶሊኒ አቤቱታ ጻፈ። ደሞዝ ምን እንደሆነ ለአገሩ ሰዎች ያስረዳው ጸሐፊ፣ በመጨረሻ እማኝ ፍለጋ ብዕሩን ያነሣው ለገዛ ቤቱ ሆነ።

በዚያው ዘመን በጣልያን አገር በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ቤቶች ነበሩ። የዋጋ ዝርዝራቸው በደረጃና በደቂቃ ተከፋፍሎ በጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ የተዘጉትም እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በእነዚያ ቤቶች ክርክር የለም፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ነው። ሴቲቱ «ቀንስ» አትባልም፤ «ጨምር» ማለትም አትችልም። የተጻፈ ዋጋ ሁሉ ፍትሐዊ ዋጋ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። እማኝ ማለት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ አንደበትም ነው።

* * *

እስካሁን ባነሣሁት ታሪክ ከፋዩ ወንድ፣ ተከፋይዋ ሴት ናት። ተከፋዩ ወንድ ሲሆንስ? ያማርኛ መዝገበ ቃላችን በዚህ ላይ ይደነግጣል። «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው ቃላችን ራሱ ሴትነትን ከሥራው ጋር ሰፍቶታል፤ ለወንዱ የቀረለት የተለመደ ስም የለም። ስም የሌለው ነገር ግን የሌለ ነገር አይደለም። የጥንቱ ዓለም ስለዚህ ጉዳይ በችሎት ፊት ተሟግቷል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአቴና የተካሄደ አንድ ሙግት አለ። የንግግር ጸሐፊው ሊስያስ ለተከሳሹ ያዘጋጀለት ንግግር ዛሬም ይነበባል። ሁለት ሰዎች ቴዎዶጦስ በሚባል የፕላታያ ወጣት የተነሣ ተጣሉ። ከሳሹ ሲሞን፣ «ሦስት መቶ ድራክማ ሰጥቼው ውል ገብተን ነበር» አለ። ተከሳሹ የመለሰለት መልስ የባንክ ሰው ሁሉ የሚወደው ነው። ሲሞን ያለውን ንብረት በሙሉ ገምቶ ያስመዘገበው ሁለት መቶ ሃምሳ ድራክማ ብሎ ነው፤ ታዲያ ጓደኛውን ካለው ሀብት በሚበልጥ ዋጋ እንዴት ተከራየው? አለ። ዳኞቹ ሳይስቁ አልቀሩም እላለሁ።

እኔን ግን ከዚያ ሳቅ ጀርባ ያለው ዝምታ ይከነክነኛል። የቴዎዶጦስ ዋጋ ተነገረ፤ ተቆጠረ፤ ከሰው ንብረት ጋር ተመዛዘነ። የቴዎዶጦስ ቃል ግን በንግግሩ ውስጥ የለም። ነጻ ሰው ይሁን ባሪያ እንኳ አጥርተው የሚናገሩ ሊቃውንት የሉም። ሁለት ሰዎች ስለ እርሱ ተከራከሩ፤ እርሱ ግን አልተከራከረም። ዋጋው ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ተሻግሮ ደረሰን፤ ድምፁ አልደረሰንም።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያችው ከተማ አይስኪነስ የተባለው ተናጋሪ ቲማርኮስ የተባለውን ፖለቲከኛ ከሰሰ። በአቴና ሕግ ገላውን የሸጠ ወንድ ዜጋ በሸንጎ የመናገር መብቱን ያጣል። የሚገርመው፣ ከተማይቱ ከዚህ ሥራ ግብር ትሰበስብ ነበር፤ ግብሩንም በየዓመቱ ለሰብሳቢዎች ትሸጠው ነበር። አይስኪነስ ለዳኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አስቡ አላቸው፤ አንድ ዜጋ «እንዲህ ያለ ውል ገብቼ ዋጋዬን ተከለከልሁ» ብሎ ከችሎት ቢቀርብ፣ የሚያገኘው ፍርድ ሳይሆን ውርደት ነው። ከተማይቱ ከዋጋው ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ለውሉ ግን ጆሮ የላትም። ግብር ተቀባይ አለ፤ እማኝ የለም።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። ቢሊ ዋይልደር ታላቅ የፊልም አዘጋጅ ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በበርሊን ኤደን በሚባል ሆቴል ብቻቸውን ከሚመጡ ወይዘሮዎች ጋር የሚደንስ ቅጥረኛ ነበር። የሥራውንም ነገር በተከታዩ ዓመት በበርሊን ጋዜጣ ጻፈው። ብዙ ዘመን አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ «ሰንሰት ቡልቫርድ» የተባለውን ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ ዕዳ የወጠረው ወጣት ጸሐፊ በአንዲት ዝናዋ ያለፈ ባለጸጋ ተዋናይት ቤት ይገባል። ዋጋ አልተነገረም፤ ውል የለም። ልብስ ይገዛለታል፣ የወርቅ የሲጋራ መያዣ ይሰጠዋል። በልብስ ቤቱ ሻጩ ጠጋ ብሎ፣ ከፋይዋ ወይዘሮዋ ከሆነች ውዱን ካፖርት እንዲወስድ ይመክረዋል። ወጣቱ ስጦታውን መልሶ ሊሄድ ሲነሣ ግን ዋጋው ይገለጥለታል፤ በጥይት ትገድለዋለች። ያልተነገረ ዋጋ መጨረሻ የለውም፤ መጨረሻ የሌለው ዋጋ ደግሞ ሰውየውን ሁለንተናውን ይጠይቃል።

* * *

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን ተቀበለ፤ ለጊዜና በዋጋ የሚቆረጠው ደሞዝ ግን ከጋብቻ ተራ ወጣ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩ ሰዎች መጠነኛ ጥላ ዘርግቷል፤ አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው፣ የአንድ ሌሊቱም፣ የአንድ ወሩም፣ ያለ ጥላ ቀረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሌላው ሰው ገላ የሚነግደውን ይቀጣል፤ ገላዋን የምትሸጠውን ሴት በዚያ ሥራዋ ብቻ አይቀጣም፤ ውሏን የሚጠብቅላት ግን የለም። ገላውን ለወንድ የሚሰጠው ወንድ ደግሞ ያው ሕግ በሌላ አንቀጹ ወንጀለኛ ስለሚያደርገው፣ ቢዘረፍ አይጮኽም፤ ቢደበደብ አይከስም። በከተሞቻችን «ሹገር ማሚ» እየተባለ በቀልድ የሚነገረው የወጣት ወንድና የባለጸጋ ሴት ነገርም ቢሆን፣ ዋጋው በስጦታ ስም ተሸፍኖ የሚያልፍ የዋይልደር ፊልም ነው።

እነዚህ ሁሉ ድርድሮች ዛሬም ይካሄዳሉ፤ ነገር ግን በሹክሹክታ። የሹክሹክታ ገበያ ደግሞ አንድ ባሕርይ አለው። በሰኞ ገበያ ሻጭ ዋጋው ካልተስማማው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «እምቢ» የማለት አቅም ያለው ሻጭ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። በጨለማው ገበያ ግን የሚከራከረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለስበት ቤት የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ፣ ከቤት ንብረቱ ተነቅሎ በሰው ደጅ ማደር ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው በዓይኑ አይቷል። ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ዘመዱ የራቀ፣ ማደሪያ የሌለው ወጣት፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ «አያዋጣኝም» የምትለውን የገበያ ቃል ሊናገር አይችልም። ያን ጊዜ ድርድሩ ድርድር መሆኑ ይቀራል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚነገር ትእዛዝ ይሆናል።

ወሎ ግን እማኝነትን ያውቃል። በአገራችን አበጋሮች የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፤ ደም ያፋሰሰውን ሰው ሳይቀር አቀራርበው ያስታርቃሉ። አበጋር የሚመጣው ነውር የሌለበት ነገር ሲገኝ አይደለም፤ ነውሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ሁለቱንም ይሰማል፤ ፍርዱ ከመስማት በኋላ ይመጣል። ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ በልቤ የተመላለሰው ሐሳብ ይኸው ነው። የሰውን አብሮነት በዋጋ መስጠትና መቀበል መልካም ነው አልልም፤ አባቶቻችንም መልካም ነው ብለው አላወደሱትም። እነርሱ ያወቁት ግን፣ ከዋጋው ማነስ ይልቅ የእማኙ መጥፋት ሰውን እንደሚያዋርድ ነው። የደሞዟ ሚስት ድሃ ነበረች፤ ነገር ግን ጊዜዋን ቆርጣ፣ ዋጋዋን ተናግራ፣ የልጇን አባት በስሙ ጠርታ ትገባ ነበር። ቴዎዶጦስ በሦስት መቶ ድራክማ ተጠራ፤ አንዲት ቃል ግን አልተናገረም። የትኛው እንደሚበልጥ አንባቢ ይፍረድ።

ወር አልቆ መስኮቱ ፊት ሰልፍ ሲቆም፣ ደመወዙን የሚቀበለው ሰው ሁሉ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ። ተራ ነገር ይመስላል፤ የደም ወዝን ደመወዝ ያደረገው ግን ይህ ተራ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ብር ብቻ ነው።

ገበያ ደርቶ «ስንት?» ለሚለው፣
«ማን ሰማህ?» በሉት፤ ይሄ ነው ዋጋው።
በጨለማ ፈስሶ የቀረ ደም ወዝ፣
ቢቆጠር ብር ነው፤ አይሆንም ደመወዝ።

ቸር ያሰንብተን።